ከፍ የተደረገ ፒካፕ ከፊት ሲንኳኳ፦ የእግርና የመሪ ድምፅን ከምንጩ ማግኘት

ፒካፑ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ገብቶለት ወይም ሞላው ተቀይሮ ከፍ ካለ በኋላ ከፊት እግር የሚመጣ ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ የሚላከከው በቦል ጆይንት (አርሙን ከጎማው እግር ጋር በሚያገናኘው ክብ መገጣጠሚያ) ነው። ቦል ጆይንቱ ይቀየራል፣ ድምፁ ግን አለ። ቀጥሎ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ)፣ ከዚያ ሾክ አብዞርበር ይቀየራል፤ ድምፁ አሁንም አለ። ጎንደር ላይ እንዲህ በግምት ዕቃ መቀያየር ገንዘብም ቀንም ይበላል፤ እዚህ ያልተገኘ ዕቃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ከፍ በተደረገ መኪና ላይ የሚሰማው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ስላለቀ ሳይሆን ማዕዘኑ ስለተለወጠ፣ ወይም ብሎኑ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ስለታሰረ የሚመጣ ነው። አዲስ ዕቃ ይህን አያድንም።

ከፍታው ምን ይለውጣል

ከፈረንጆቹ 2005 ወዲህ የወጡት ባለ ፎር ባይ ፎር ሃይሉክሶች የፊት ጎማቸው በላይኛውና በታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኙት ክንዶች) የተያዘ ነው። ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ሆነው በታችኛው አርም ላይ፣ ወደ መሃሉ ያርፋሉ። በዚህ የተነሳ ከሾኩ ራስ ላይ የሚገባ የ25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር መኪናውን በ25 ሳይሆን ወደ 50 በሚጠጋ ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ይህን ሳያውቁ «50 ይነሳ» ሲባል የ50 ስፔሰር የሚያስገቡ አሉ። ያን ጊዜ ሲቪ ጆይንቱ (ኃይልን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) አላግባብ ቁልቁል ይታጠፋል፣ የላይኛው ቦል ጆይንት የመንቀሳቀሻው ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድም የላይኛው አርም ሞላውን ይመታል። በፋብሪካው አርም ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ በሰላም መኖር ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው የላይኛውን አርም አብሮ መቀየር አለበት።

ላንድክሩዘር 79 ሌላ ነው። የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ሲሆን ከፈረንጆቹ 1999 ወዲህ በሞላ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ከሻንሲው ወደ አክስሉ በአግድም የሚወርደው የፓናርድ ዘንግ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ይህ ዘንግ አክስሉን በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። የካስተር ማዕዘኑም (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ስለሚቀንስ መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ መመለስ ይሰንፋል። ስለዚህ በ79 ላይ የሚፈለገው ችግር ከሃይሉክሱ ይለያል፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ይታጠብ

ክረምት ላይ ደምቢያ ወርዶ የተመለሰ መኪና በቸርኬው ውስጠኛ ጎን መረሬ ጭቃ ይዞ ይመለሳል። ጭቃው ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክርና ጎማውን ከባላንስ ያወጣዋል። 70 እና 80 ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ባለቤቱም ታይሮድ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቸርኬው ከውስጥም ከውጭም፣ አርሞቹም፣ የሲቪው የጎማ ሽፋንም በደንብ ይታጠቡ። ንጹህ በሆነ እግር ላይ አዲስ የተረጨ ግሪስ፣ የተላጠ ቀለም፣ ብረት ብረትን የነካበት የሚያብለጨልጭ ቦታ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ የጎማ ዳዶዎች ይፈተሹ። ቸርኬ ከተቀየረ በኋላ የላላ ዳዶ የሚያሰማው ኳኳታ ከቦል ጆይንት ድምፅ አይለይም። ለሃይሉክስ የ21 ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ጥብቀቱም 105 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ክሪኩን፣ የመፍቻውን ዘንግ፣ ትርፍ ጎማውንና ከመቀመጫ ሥር ያለውን ዕቃ ሁሉ ያውጡ ወይም በጨርቅ ጠቅልለው ይሰሩ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊት እግር የመጣ የመሰለ ድምፅ ከመቀመጫ ሥር የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሜትር ይዘውም ከጎማው መካከለኛ ነጥብ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ ብለው በግራና በቀኝ ይለኩና ይጻፉ። ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አንዱ ሞላ መቀመጫው ላይ በትክክል አልተቀመጠም፣ ወይም የተለያየ ውፍረት ያለው ስፔሰር ገብቷል።

ድምፁን በሦስት ዓይነት መንገድ ማዳመጥ

መስኮት ተከፍቶ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው ጎን ተቀምጦ ነው የሚሞከረው። ሹፌሩ መንገዱን ይጠብቅ፤ ማዳመጥና መጻፍ የጓደኛው ሥራ ነው።

ወደ አዘዞ የሚወስደው አስፋልት ፍጥነት የሚፈልገውን ድምፅ ያወጣል፦ የኩሽኔታ ጉርምርምታ፣ የጎማ ጩኸት፣ የመሪ መንዘፍዘፍ። በየሰፈሩ ያለው ኮብልስቶን በ15 እና በ20 ኪሎ ሜትር ሲኬድበት ትንንሽ ክፍተቶችን ያጋልጣል፤ የላላ የእስታቢላይዘር (የግራና የቀኝ እግርን የሚያገናኘው የብረት ባር) ሊንክ እዚያ አይደበቅም። ሦስተኛው ሰፊና ሜዳ የሆነ የአፈር ቦታ ነው። እዚያ መሪውን እስከ ጫፍ አዙሮ በግራም በቀኝም ቀስ ብሎ ክብ መሥራት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር በጥብቅ ይያዝ፦ ፎር ዊል አስገብቶ በደረቅ አስፋልት ወይም በደረቅ ኮብልስቶን ላይ መሪ እስከ ጫፍ ማዞር አይገባም። መካከለኛ ዲፈረንሻል የሌለው ፒካፕ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይሽከረከሩ ኃይሉ ውስጥ ይታመቃል። መኪናው ይይዛል፣ ይዘላል፣ «ጓ» ይላል። በዚህ የተነሳ ደህና ሲቪ ጆይንት ተፈትቶ የተጣለባቸው መኪናዎች አሉ። የፎር ዊል ሙከራ በአፈር ወይም በጠጠር ላይ ብቻ ይደረግ።

በሚመለሱበት ጊዜ በወረቀቱ ላይ ሊኖር የሚገባው «ይንኳኳል» የሚል ቃል ብቻ አይደለም። በየትኛው ጎን? በስንት ፍጥነት? ፍሬን ሲነካ ይጠፋል ወይስ ይብሳል? ቀጥ ሲል ነው ሲታጠፍ? ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ነው? መካኒክ ዘንድ ይዞ መሄድ የሚያዋጣው ይህን ነው።

በትንንሽ ጉብታ ላይ «ኳ ኳ»

ኮብልስቶን ላይ የሚሰማ ቀላልና ተከታታይ ኳኳታ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እስታቢላይዘሩ ነው። መኪናው ከፍ ሲል የባሩ ጫፍ ወደ ታች ይጎተታል፣ ሊንኮቹ ያጋድላሉ፣ ባሩን ከሻንሲ ጋር የያዙት ጎሚኒዎችም በአንድ ጎን ይበላሉ። ማረጋገጫው ነጻ ነው። የሁለቱንም ጎን ሊንክ ይፍቱ (አንዱን ብቻ ከፈቱ ባሩ በሌላው ሊንክ መንቀሳቀሱን ስለሚቀጥል ውጤቱ ያሳስታል)፣ ባሩን ምንም እንዳይነካ በሽቦ ወደ ላይ ይሰሩ፣ ከዚያ በዚያው ኮብልስቶን ላይ ከ30 ባልበለጠ ፍጥነት ይንዱ። ድምፁ ከጠፋ ተገኘ፤ ሊንክና ጎሚኒ ከፊት እግር ዕቃዎች ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። ባሩ ተፈትቶ ረጅም መንገድ አይኬድም፤ መኪናው በመታጠፊያ ላይ በጣም ያጋድላል።

ድምፁ ካልጠፋ በዚያው መንገድ ላይ የፍሬኑን ፔዳል በግራ እግር በትንሹ ነካ አድርገው ይንዱ። ያኔ ፀጥ ካለ የሚንኳኳው የፍሬን ሸራው ወይም ካሊፐሩ ነው፤ ሸራ ሲቀየር ያልተመለሰ የብረት መያዣ ይፈልጉ። ዲስክ ላይ የሚፋጭ ቀጭን የብረት ጩኸት ከሆነ ደግሞ በዲስኩና ከኋላው ባለው ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቶ ይሆናል። ጠጠር መንገድ ይዞ የመጣ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ጠጠሩ ይወድቃል።

ሦስተኛው ቦታ የሾኩ ራስ ነው። ኮፈኑን ከፍተው እጅዎን ሾኩ ሻንሲውን በሚይዝበት ቦታ ላይ ያድርጉ፣ ሌላ ሰው የመኪናውን አፍንጫ እየተጫነ ይልቀቅ። ምቱ በእጅ ከተሰማ የመካከለኛው ዳዶ ወይም ዙሪያውን ያሉት ሦስቱ ዳዶዎች ላልተዋል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ በትንንሽ የቤት መኪናዎች ላይ ሾኩ ከመሪው ጋር ስለሚዞር ራሱ ላይ ኩሽኔታ አለው፣ ሲያረጅም መሪ ሲዞር ይንቋቋል። የሃይሉክስ ሾክ ከመሪው ጋር አይዞርም፤ ጎማው የሚዞረው በሁለቱ ቦል ጆይንት ላይ ነው። ስለዚህ «የሾክ ራስ ኩሽኔታ ይቀየር» የሚል ምክር ለዚህ መኪና አይሠራም።

ሲጥሲጥታና ያልተሠራው ሥራ

ጎማው ሲወጣና ሲወርድ የሚሰማ የላስቲክ ሲጥሲጥታ ከፍ በተደረጉ መኪናዎች ላይ እጅግ የበዛ ነው። ምክንያቱን መረዳት ዋጋ አለው።

አርሙ ሻንሲውን የሚይዝበት ጎሚኒ የሚሽከረከር ዕቃ አይደለም። የውስጠኛው የብረት ቱቦ በብሎኑ ተጨምቆ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፣ የውጭው ከአርሙ ጋር ይጣበቃል፣ በመካከል ያለው ላስቲክ ነው የሚጠመዘዘው። ስፔሰር ሲገባ መኪናው በክሪክ ተነስቶ አርሙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው። ብሎኑ በዚያው አቋም ከጠበቀ ላስቲኩ ልክ ብሎ የሚያርፈው ጎማው ሲንጠለጠል ብቻ ይሆናል። መኪናው መሬት ሲነካ፣ ቆሞም ሳለ፣ ላስቲኩ ቀንና ሌሊት ተጠምዝዞ ይውላል። ሲጥ ይላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ መንኳኳት ይጀምራል። ሌላው ምልክት መኪናው በተሠራበት ሳምንት ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ቆይቶ በኋላ መውረዱ ነው።

ላስቲኩ ገና ካልተቀደደ መድኃኒቱ ይህ ነው። መኪናው ጉድጓድ ባለው ጋራዥ በአራቱም ጎማው ይቁም፣ የጎማ ንፋሱ ይስተካከል፣ ሁልጊዜ የሚጭነው ነገር ይጫንበት። በታችኛው አርም ብሎኖች ላይ ያሉት ወጣ ገባ ሮንዴላዎች ካስተርንና ካምበርን (የጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) የሚያስተካክሉ ስለሆኑ ከመፍታት በፊት ቦታቸው በቀለም ይለይ። ዳዶዎቹ ግማሽ ዙር ያህል ብቻ ይፈቱ። የመኪናው አፍንጫ አምስት ስድስት ጊዜ ተጭኖ ይለቀቅ፣ መኪናው በእጅ ተገፍቶ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለስ። ከዚያ የቀለሙ ምልክት እንደገጠመ፣ ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳለ፣ በፋብሪካው መመሪያ ልክ ይጥበቅ። የላይኛው አርም ብሎንም እንዲሁ ነው፤ እጅ አይደርስም ተብሎ መተው የለበትም። ይህ የሰዓታት ሥራ የአራት ጎሚኒ ዋጋ ያተርፋል።

ላስቲክ ላይ ሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ መርጨት ሲጥሲጥታውን ለሁለት ቀን ያጠፋል፣ ላስቲኩን ግን ያሳብጠዋል። ለመለየት ያህል ከሆነ ውሃ በጠርሙስ ይበቃል፦ አንዱን ጎሚኒ ያርጥቡ፣ መኪናውን ይጫኑ፣ ድምፁ ከጠፋ እሱ ነው። የፖሊዩሪቴን ጎሚኒ ከተገጠመ ግን በሲሊኮን ግሪስ መለስለስ አለበት፤ ደረቁን የገባ ሁልጊዜ ይጮኻል።

በክሪክ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ ይህ ሥራ ግን ደልዳላ መሬት ይፈልጋል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ብቻ ስለሆነ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሻንሲው ሥር ይግባ።

ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ውጤቱን ይወስናል። መኪናውን ከሻንሲው ካነሱት አርሞቹ እስከ ጫፍ ይንጠለጠላሉ፤ ከፍ በተደረገ መኪና ላይ የላይኛው ቦል ጆይንት ጫፉ ላይ ደርሶ ስለሚታመቅ ልቅነቱ ይደበቃል። ስለዚህ ክሪኩ ሞላው ባረፈበት በታችኛው አርም ሥር፣ ወደ ጎማው ጠጋ ብሎ ይግባና ጎማው ከመሬት ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ይነሳ።

አሁን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይግፉና ይሳቡ። ልቅነት ካለ ሌላ ሰው የፍሬኑን ፔዳል ይርገጥና እንደገና ይሞከር። ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ምክንያቱም ፍሬኑ ጎማውንና የኩሽኔታውን ቤት አንድ አድርጎ ይዟቸዋል። ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነው፤ ሌቫ በጎማው ሥር አስገብተው ወደ ላይ ሲያነሱ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ በባትሪ ብርሃን ይታያል። የታችኛው ቦል ጆይንት ልቅ ከሆነ መኪናው ከጋራዡ አይውጣ። እሱ ሲነቀል ጎማው ይታጠፋል፣ መሪውም ፍሬኑም አብረው ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ይወዝውዙ። እዚህ ልቅ ከሆነ ታይሮዱ ነው፤ የውጭው ጫፍ በዓይን ይታያል፣ የውስጠኛው ግን በመሪው ራክ የላስቲክ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ሽፋኑን ጨብጠው ምቱን በጣት ይሰሙታል። ከፍ ያለ መኪና ላይ ታይሮዱ ወደ ታች ስለሚያጋድል የውስጠኛው ቶሎ ያልቃል። ታይሮድ ሲቀየር አዲስ ኮፒሊያ (የዳዶ መቆለፊያ ሽቦ) ይግባ፤ አሮጌውን መልሶ ማጠፍ ለሕይወት የማይገባ ቁጠባ ነው።

መሪ ሲዞር

መኪናው ቆሞ፣ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ አንድ ሰው መሪውን በግራና በቀኝ ትንሽ ትንሽ ይወዝውዝ። ሌላው ከመሪው ዘንግ ጀምሮ ወደ ታች እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጁ እየጨበጠ ይውረድ፦ የዘንጉን ክሮቼራ፣ ራኩ ሻንሲውን የያዘበትን ጎሚኒ፣ ታይሮዶቹን። ልቅ የሆነው ቦታ በእጅ መዳፍ ይመታል። ጆሮ በዚህ ያሳስታል፣ ብረት ድምፅን አሻግሮ ስለሚያመጣ፤ እጅ ግን አያሳስትም።

መሪው ሲዞር የሚያቃስት ከሆነ የሃይድሮሊኩን ዘይት ይመልከቱ። ብዙዎቹ የቶዮታ ፒካፖች ዴክስሮን 2 ወይም 3 ዘይት ይጠቀማሉ። አረፋ ከያዘ አየር ገብቷል፤ የፊት ጎማዎችን አንስተው ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብለው ደጋግመው ያዙሩ፣ የጎደለውን ይሙሉ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ይድገሙ። ስለታም ጩኸት ከሆነ ቺንጊያው ነው። መሪን ጫፍ ላይ አድርሶ ከአምስት ሴኮንድ በላይ መያዝ ፓምፑን ያቃጥላል፤ በዚያ ጊዜ የሚሰማ ማቃሰት ብልሽት አይደለም።

ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚፋጭ ከሆነ ጎማው ራሱ ነው። 265/70R17 ጎማ 803 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ 285/70R17 ደግሞ 831። ጎማው በየጎኑ 14 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይጨምራል፣ ስፋቱም በ20 ይጨምራል፣ መኪናው ከፍ ማለቱ ለዚህ ብዙም አይረዳም። ጎማው ላይ ጠመኔ ቀብተው መሪውን አዙረው ይንዱ፤ ጠመኔው የተላለፈበት ቦታ የሚነካው ቦታ ነው።

ቀጭ ቀጭታና ጉርምርምታ

ጋዝ እየተሰጠ በመታጠፊያ ላይ የሚሰማ ተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» የውጭው ሲቪ ጆይንት ነው። የላስቲክ ሽፋኑ ከተቀደደ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ግሪስ ተረጭቶ ይታያል። ጥቁር አፈርና አቧራ አንዴ ከገባ ግሪስ መሙላት አያድነውም። የእጅ ሎኪንግ ሃብ (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር በእጅ የሚያገናኝና የሚለያይ) ያለው መኪና ላይ ሃቦቹን ፈትቶ ማወዳደር ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ከሲቪው ወይም ከፊት ዲፈረንሻሉ ነው። አዲሱ ሲቪ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ከጮኸ ጥፋቱ የማዕዘኑ ነው፣ ከፍታው ይቀነስ።

ከፍጥነት ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ ሲሆን ኩሽኔታና የጭቃ ጎማ ይምታታሉ። ከአስፋልት ወደ አፈር ሲገባ ድምፁ ከተለወጠ ጎማው ነው። ባዶ በሆነ መንገድ ላይ መሪውን ወደ ግራ ዘንበል ሲያደርጉ ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ ነው፣ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚሄድ፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ከጨመረ የግራው። በክሪክ ላይ ደግሞ ጣትዎን በሞላው ላይ አሳርፈው ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ። የተበላ ኩሽኔታ በጣት ላይ እንደ አሸዋ ይሰማል።

ላንድክሩዘር 79

ጉድጓድ ተመትቶ መሪው በኃይል መንዘፍዘፍ ጀምሮ መኪናው ፍጥነቱን እስኪቀንስ ካልቆመ፣ ሁሉም ሰው የመሪ ዳምፐር ይቀይራል። ዳምፐሩ ግን ምልክቱን ነው የሚሸፍነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የፓናርድ ዘንጉ ጎሚኒ ነው፤ መሪው ሲወዘወዝ ዘንጉ በብሎኑ ላይ ከተንቀሳቀሰ በቃ። ቀጥሎ ጎማው የሚዞርበት የእግሩ ክብ ላይ ያሉት የላይና የታች ኩሽኔታዎች፣ ከዚያ የጎማ ባላንስ። ካስተሩን ለመመለስ የተሠሩ ወጣ ገባ ጎሚኒዎች አሉ፤ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ባለ 79 ላይ ያለ እነሱ መሪው አይረጋም።

ከማንኛውም ሥራ በኋላ አላይመንት ይሠራ፤ የጎማዎቹ አፍ (የፊታቸው መጥበብና መስፋት) ብቻ ሳይሆን ካስተሩም ይለካ፣ የተለካው ቁጥር ተጽፎ ይሰጥዎ። የጠበቀ ዳዶ ሁሉ ላይ ከዳዶው እስከ ብረቱ የሚደርስ አንድ የቀለም መስመር ይሰመር። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ለመውረድ ያሰበም ሰው ከመነሳቱ በፊት፣ መስመሮቹን ይይ። የተሰበረ መስመር ካለ ያ ዳዶ ዞሯል፤ በቶርክ ሬንች ዳግም ይጠብቅና አዲስ መስመር ይሰመርበት።